አሮጌው ባሌስትራ ጥሩ ዶማ የሚሆነው መቼ ነው?

ለእርከን ሥራ የወጣ ገበሬ ዶማው ድንጋይ ላይ አርፎ ሲሰበር የሚቀርበት አንድ ዶማ ብቻ አይደለም። የዕለቱ ሥራ ይቀርበታል። ስባሪውን ይዞ ወደ ቀጥቃጭ የሚሄድበት ቀን ይባክናል። ቀጥቃጩ ዘንድ ተራ ሲጠብቅ ደግሞ ሌላ ቀን ይጨመርበታል። ማረሻው በሰኔ ዝናብ መካከል የታጠፈበት ወይም መኮትኮቻው አረም በሚበረታበት በሐምሌ የተሸረፈበት ገበሬ ጉዳቱ ከዚህም ይበልጣል። መሬትና ዝናብ ቀጥቃጭን አይጠብቁም።

እንዲህ ያለው ስብራት ብዙ ጊዜ እንደ ክፉ አጋጣሚ ይቆጠራል። ነገሩ ሲመረመር ግን ምክንያቱ በአብዛኛው ከሦስቱ አንዱ ሆኖ ይገኛል። የመጀመሪያው፣ ለስለታም መሣሪያ በማይሆን ብረት መሥራት ነው። ሁለተኛው፣ ቀድሞውኑ ስንጥቅ በያዘ ብረት መሥራት ነው። ሦስተኛውና በብዛት የሚያጋጥመው ደግሞ ብረቱ ደኅና ሆኖ ሳለ በእሳቱና በማቀዝቀዣው ማበላሸት ነው። ሦስቱንም መሣሪያው ከገበሬው እጅ ከመግባቱ በፊት ማወቅና ማረም ይቻላል። በመሆኑም ጉዳዩ የቀጥቃጩ ብቻ ሳይሆን የገበሬ ማኅበር፣ የቀበሌና የኅብረት ሥራ ማኅበር መሪዎችም ጭምር ነው።

በቅርብ የሚገኝ ብረት

በቀደመው ዘመን የአገራችን ቀጥቃጮች ብረትን ከማዕድኑ ራሳቸው እያቀለጡ ያወጡ ነበር። በደቡብ ኦሞ የሚኖረው የዲሜ ሕዝብ በዚህ ሙያ የታወቀ ነበር። ከውጭ የሚገባ ብረትና ውዳቂ ብረት በየገበያው እየበዛ ሲሄድ ግን የማቅለጡ ሥራ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የቀጥቃጩ ዋነኛ ተግባር የተገኘውን ብረት አግሎ ቅርጽ ማስያዝ ሆነ። መኪናም ሲበዛ የመኪና ስባሪ የዚሁ ሥራ ጥሬ ዕቃ ለመሆን በቃ። ባሌስትራ፣ ሞላ፣ ቸርኬና ፌሮ የሚሉት የጋራዥ ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ዛሬ ግን በገጠር ገበያ ያለ ቀጥቃጭ ሁሉ ያውቃቸዋል።

የተሰበረ ባሌስትራ ጋራዥ ባለበት ከተማ ሁሉ አይጠፋም። በአዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ በመኪና ዕቃ፣ ምናለሽ ተራ ደግሞ ውዳቂ ብረትን እንደገና ለሥራ በማዋል ይታወቃሉ። ቁራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ብረት በእንዲህ ያለው ገበያ አልፎ እንደገና ወደ ቤትና ወደ እርሻ ይመለሳል። ብረቱ ሩቅ አይደለም። የሚያስቸግረው ከክምሩ ውስጥ የትኛው ለምን እንደሚሆን ለይቶ ማንሳት ነው።

ባሌስትራ የተመረጠበት ምክንያት

ባሌስትራ የመኪናውን ሸክም ተሸክሞ ጉድጓድ ሲያገኝ የሚጎብጥ፣ ጉድጓዱን ሲያልፍ ወደ ቦታው የሚመለስ ብረት ነው። ይህንን ሥራ እንዲችል ከአረብ ብረት ይሠራል። በውስጡ ከ100 እጅ ከ0.5 እስከ 0.6 ገደማ የሚሆን ካርቦን አለበት። እንደ አሠራሩ ማንጋኒዝ፣ ክሮም ወይም ሲሊከንም ይጨመርበታል። ካርቦን ማለት ብረቱ ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ እንዲጠነክር የሚያደርገው ነገር ነው። ለቤት መሥሪያ የሚውለው ፌሮ ብዙውን ጊዜ ከ0.3 እጅ በታች ካርቦን ስላለው የቱንም ያህል ቢግልና ቢነከር ስለት አይይዝም። ከፌሮ የተሠራ ዶማ አይሰበርም፤ ነገር ግን ድንጋይ በነካ ቁጥር ጫፉ ይታጠፋል።

ሌሎቹም የመኪና ክፍሎች እንደየጠባያቸው መለየት አለባቸው። ጥቅልሉ ሞላ ከባሌስትራ ጋር ተቀራራቢ ብረት በመሆኑ ለመሮና ለቢላዋ ይስማማል። አሮጌ የትራክተር ማረሻ ዲስክም ለመኮትኮቻ ጥሩ ነው። ቸርኬና የመኪናው አካል ላሜራ ለስላሳ ብረት ስለሆኑ ለስለት አይበቁም። የሞተሩ አካልና የፍሬን ታምቡር ግን ከናካቴው ወደ መስፍ መቅረብ የለባቸውም። በቅርጽ ማፍሰሻ የወጡና ከ2 እጅ በላይ ካርቦን ያለባቸው ስለሆኑ ግለው ሲመቱ እንደ ሸክላ ይፈረካከሳሉ።

የብረቱ ጠባይ ካልታወቀ ቀላል መፈተኛ አለ። ከብረቱ የጣት ስፋት ያላት ቁራጭ ተቆርጣ በደንብ እስክትቀላ ትግላለች፤ ከዚያም ትነከራለች። ከቀዘቀዘች በኋላ ሞረድ ሲፋቅባት የሚያንሸራትት፣ በጉጠት ተይዛ በመዶሻ ስትመታም እንደ ጠርሙስ የምትሰበር ከሆነች ብረቱ ይጠነክራል ማለት ነው። ከታጠፈች ለስለት አትሆንም። በዚህ ጊዜ የሚበር ስባሪ ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል ቁራጯን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኖ መምታት ያስፈልጋል።

የተደበቀው ስንጥቅ

ባሌስትራ የሚጣለው ብዙ ጊዜ ስለተሰበረ ወይም ስለደከመ ነው። ለዓመታት ሲጎብጥና ሲቃና የኖረ ብረት በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊይዝ ይችላል። በተለይ መካከለኛው ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያና የተሰበረበት ጫፍ አካባቢ ይጠረጠራሉ። ከእነዚህ ቦታዎች የተቆረጠ ዶማ ቀጥቃጩ የቱንም ያህል ቢጠበብበት ከስንጥቁ ላይ ይከፈታል።

ስንጥቁን ለመፈለግ የሚያስፈልገው ነጭ ጋዝና ጠመኔ ብቻ ነው። ብረቱ ከዝገቱና ከቅባቱ በደንብ ይጸዳል። ነጭ ጋዝ ተቀብቶ ጥቂት ጊዜ ከቆየ በኋላ ላዩ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ከዚያም የተፈጨ ጠመኔ ይነሰነስበታል። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ነጭ ጋዝ ወደ ጠመኔው ይመለስና ቀጭን እርጥብ መስመር ይታያል። ያ ክፍል ተቆርጦ ይጣላል። ይህ ሥራ የሚከናወነው ከምድጃው ርቆ እንደሆነ መዘንጋት የለበትም።

የተረፈው ብረት ምን ያህል መሣሪያ እንደሚወጣው አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ለምሳሌ 7 ሴንቲሜትር ስፋትና 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ባሌስትራ በ30 ሴንቲሜትር ሲቆረጥ አንዱ ቁራጭ 1.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ይህም ለአንድ ከባድ መቆፈሪያ ይበቃል። 120 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ደኅና ባሌስትራ እንግዲህ 4 መቆፈሪያ ይወጣዋል ማለት ነው። ለማጭድ የሚያስፈልገው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ ቁርጥራጩ አይጣልም።

ብረቱን የሚያበላሸው እሳት

ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ይባላል። አባባሉ እውነት ሆኖ ሳለ ምን ያህል መጋል እንዳለበት ግን አይናገርም። ባሌስትራ ከፌሮ ይልቅ ለእሳት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብርቱካንማ ሲሆን ይመታል፤ ቀይነቱ እየጠቆረ ሲመጣ መዶሻው ይቆማል። እየቀዘቀዘ ሳለ በግድ የተመታ አረብ ብረት ውስጡ ይነቃል። በሌላው በኩል ነጭ ሆኖ ብልጭታ መርጨት ከጀመረ ብረቱ ተቃጥሏል። የተቃጠለውን ክፍል ቆርጦ ከመጣል በስተቀር መድኃኒት የለውም።

የጋለ ብረት ቀለም በፀሐይ ብርሃን በትክክል አይታይም። ሜዳ ላይ የሚሠራ ቀጥቃጭ ብረቱ ገና ያልጋለ እየመሰለው ከልክ በላይ ሊያግለው ይችላል። ስለዚህ ምድጃው በዳስ ወይም በጣራ ጥላ ሥር መሆኑ ከዝናብና ከሐሩር መጠለያ ከመሆኑም በላይ ለሥራው ትክክለኛነት ወሳኝ ነው። ወናፍ የሚነፋውም ሰው ሙያ አለው። ንፋሱ አንድ ወጥ ካልሆነ ብረቱ በአንድ በኩል ሲቃጠል በሌላው በኩል ሳይግል ይቀራል።

ቁራጩ በመሮ ተቆርጦ ከተለየ በኋላ እጀታ የሚገባበት ጫፍ በስፋት ይዘረጋል፤ እንደ ማረሻ አንገትም ተጠቅልሎ ማስገቢያ ይበጅለታል። ከዚያም ስለቱ እየሳሳ ይሳባል። አንገቱ የሚታጠፍበት ልክ እንደየአካባቢው አፈርና ልማድ ስለሚለያይ በሥራ ላይ ያለ የተወደደ መቆፈሪያ ለናሙና ቢቀርብ ይመረጣል። ማስገቢያውን በብየዳ ለማያያዝ የሚሞክሩ አሉ። አረብ ብረት ቀዝቃዛ እንዳለ ከተበየደ ከብየዳው አጠገብ ስለሚነቃ ከራሱ ከብረቱ ጠቅልሎ ማውጣቱ የበለጠ አስተማማኝ ነው።

ቅርጹ ካለቀ በኋላ ወዲያው መንከር አይገባም። መዶሻው በብረቱ ውስጥ ያሳደረው ውጥረት እንዲረግብ መሣሪያው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እስኪቀላ ግሎ ነፋስ በሌለበት ቦታ በራሱ ጊዜ ይቀዘቅዛል። ይህች እርምጃ የምትጠይቀው ጥቂት ከሰልና ትዕግሥት ብቻ ሲሆን ብዙ ስብራት ታስቀራለች።

ማጠንከርና ማለዘብ

ስለቱን ለማጠንከር ትክክለኛውን ሙቀት የሚጠቁም ርካሽ መሣሪያ ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የሚወጣ ማግኔት ነው። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። በሽቦ የተንጠለጠለው ማግኔት ወደ ስለቱ ተጠግቶ መሳቡን ካቆመ በኋላ ሙቀቱ ጥቂት ብቻ ተጨምሮ ስለቱ በፍጥነት ይነከራል።

የሚነከርበት ነገር ውሃ ወይስ ዘይት የሚለው ጥያቄ ትልቅ ነው። ብዙ ቀጥቃጮች ከአባቶቻቸው የወረሱት በውሃ መንከርን ነው። ለቀድሞው ለስላሳ ብረት ልማዱ ትክክል ነበር። ባሌስትራ ግን በራሱ በቀላሉ ስለሚጠነክር በቀዝቃዛ ውሃ ሲነከር ስለቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይፈጠራል። በመሆኑም ለባሌስትራ የሚስማማው ዘይት ነው። ዘይቱ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ፣ ደጅ ላይ ይቀመጣል። ብረቱ ቀስ እያለ ሳይሆን ባንድ ጊዜ ይገባል። ዘይቱ ቢነድ በክዳኑ ወይም በአሸዋ ይታፈናል እንጂ ውሃ ፈጽሞ አይደፋበትም። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ጭሱ ለጤና ጎጂ ስለሆነ ነፋሱን ወደ ጀርባ አድርጎ መሥራትና ከልብስና ከቆዳ ማራቅ ይገባል። የሚነከረው ስለቱ ብቻ ነው። እጀታ የሚገባበት አንገት እንዳይሰበር ለስላሳ ሆኖ መቅረት አለበት።

ከዘይት የወጣ ስለት ጠንካራ ቢሆንም እንደ ጠርሙስ ተሰባሪ ነው። ብዙ መሣሪያ የሚበላሸው እዚህ ላይ ሥራው ያለቀ ሲመስል ነው። ስለቱ በድንጋይ ተፍቆ እስኪያበራ ከጸዳ በኋላ የአንገቱ በኩል ፍም ላይ ይደረጋል። ሙቀቱ ወደ ስለቱ ሲሄድ በጸዳው ብረት ላይ በመጀመሪያ የገለባ ቀለም፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያም ሐምራዊ፣ በመጨረሻም ሰማያዊ ይታያል። የገለባው ቀለም 230 ዲግሪ ገደማ፣ ቡናማው 255፣ ሐምራዊው 280፣ ሰማያዊው 300 ገደማ ነው። ድንጋይ ለማያገኘው ማጭድ ቡናማው ይበቃል። ድንጋይ ለሚመታው ዶማና መቆፈሪያ ሐምራዊው ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ከፍሙ ላይ ይነሳና ሙቀቱ እንዳያልፍ ይቀዘቅዛል። ይህ ማለዘብ ይባላል። ጥቂት ጥንካሬ ይቀንሳል፤ በምትኩ ብረቱ ምት የሚችል ይሆናል።

ወደ እሳት መግባት የሌለበት

ውዳቂ ብረት ሁሉ ብረት ብቻ አይደለም። አሞርዛተር የሚባለው የመኪና ንዝረት ማብረጃ ዘይትና አንዳንዴም ጋዝ ታሽጎበታል፤ ምድጃ ውስጥ ከገባ ይፈነዳል። የተደፈነ ቱቦና የነዳጅ ጋንም እንደዚሁ ናቸው። በዚንክ የተለበጠ ብረት ሲግል የሚወጣው ነጭ ጭስ ይመርዛል። በድሮ መኪናዎች የፍሬን ሸራ ውስጥ ያለው አስቤስቶስ ሲፋቅ የሚነሳው ብናኝ ከዓመታት በኋላ የሳንባ ካንሰር ያስከትላል። የባትሪ እርሳስም ሕፃናት በሚውሉበት ግቢ መቅለጥ የለበትም።

ከሁሉ የከፋው ግን ከጦርነት የተረፈ ብረት ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተካሄደው ጦርነትም ሆነ ከዚያ በፊት በነበሩት ጦርነቶች ውጊያ በተደረገባቸው ቦታዎች ያልፈነዳ ጥይት፣ ቦምብና የመድፍ ጥይት መሬት ላይ ወይም አፈር ውስጥ ሊገኝ ይችላል። የዛገና የሞተ ቢመስልም አይሞትም። ይህን ያገኘ ሰው ሳይነካ ምልክት አድርጎ ለፖሊስ ወይም ለመከላከያ ማስታወቅ አለበት። ማንኛውም ማኅበር ከእንዲህ ያለ ቦታ የተለቀመ ብረት እንዳይቀበል በስብሰባ ወስኖ ለአባላቱ፣ በተለይም ለእረኞች ማሳወቅ ይገባዋል።

የብረቱ ምንጭም ይጠየቃል። ከኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ ከድልድይ ወይም ከመንገድ ምልክት የተፈታ ብረት የሕዝብ ንብረት ነው። ደግሞም አብዛኛው ለስላሳና በዚንክ የተለበጠ በመሆኑ ለስለት አይሆንም፤ ጭሱም ሠሪውን ይጎዳል። የማኅበሩ ወይም የመንግሥት የሆነ አሮጌ መኪናና ትራክተርም በደንቡ መሠረት እንዲወገድ ካልተወሰነ በስተቀር ማንም ተነስቶ ሊቆርጠው አይችልም።

እጁ የሚፈለገው፣ ስሙ የሚጠላው

እስከዚህ የተባለው ሁሉ የሚፈጸመው በአንድ ሰው እጅ ነው። ይህ ሰው ግን በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ለዘመናት ሲናቅ ኖሯል። ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ተሰድቧል። ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚል ወሬ ተነዝቶበታል። ገበሬው ማረሻውን ከእርሱ እጅ ተቀብሎ ማዕዱን ሳይጋራው፣ ልጁን ሳይድርለት ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ከልክለው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ደግሞ በግል ጉልበቱ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ መሬት እንዲያገኝ ሲደነግግ፣ በፊት መሬት የመያዝ መብት ላልነበራቸው ባለሙያዎችም በር ከፍቷል። ነገር ግን አዋጅ ስድብን ይከለክላል እንጂ ንቀትን ከልብ አያወጣም። በአንዳንድ አካባቢዎች ወሬው ዛሬም አልጠፋም።

የንቀቱ ዋጋ በሙያው ላይ ይታያል። በአባቱ ሙያ የሚሰደብ ልጅ መዶሻውን መጨበጥ አይፈልግም። ሙያ ደግሞ በመጽሐፍ ተከማችቶ የሚቆይ ሳይሆን በእጅ ላይ ያለ ነገር በመሆኑ ባለእጁ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ጎንደር አጠገብ በወለቃና በሌሎች መንደሮች ቤተ እስራኤል በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ለብዙ ዘመን ይታወቁ ነበር። በ1977 ዓ.ም. እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ጉዞዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ የእጃቸውም ሙያ አብሯቸው ሄዷል። ዛሬም በአንድ ቀበሌ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ብቻ ካለና ተተኪ ካልያዘ፣ የዚያ ቀበሌ ገበሬ ለመሣሪያው ወደ ሩቅ ገበያ የሚሄድበት ቀን የቀረበ ነው።

ስለዚህ ስድቡን ማስቆም የመልካም ጠባይ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይታይም። በስብሰባ ላይ ቀጥቃጩ ከሌላው ገበሬ እኩል ወንበር ሲሰጠው፣ ቡዳ ብሎ የሰደበውም ሰው በሽማግሌ ፊት ሲጠየቅ፣ ልጁ የአባቱን ሙያ ለመያዝ አያፍርም። ይህን ማድረግ የሚችለው ደግሞ በሰፈሩ የሚሰማ ቃል ያለው የማኅበር መሪ ነው።

የማኅበሩ ድርሻ

በብዙ ቦታ ገበሬው ብረቱንና ከሰሉን ራሱ አምጥቶ፣ ወናፉንም ነፍቶ፣ ዋጋውን እህል ሲደርስ ይከፍል ነበር። ልማዱ መተማመንን ያሳያል። ሁሉም ገበሬ በአንድ ሳምንት ሲመጣ ግን ቀጥቃጩ ይጣደፋል። የተጣደፈ ቀጥቃጭ የመጀመሪያው የሚተወው ማለዘቡን ነው። ትእዛዙ በማኅበር ሲሰበሰብ ይህ ይቀራል።

ለዚህም ዓመቱን በሥራው መከፋፈል ይጠቅማል። ከጥር እስከ መጋቢት ለሚካሄደው የእርከንና የተፋሰስ ሥራ የሚያስፈልገው ዶማና መቆፈሪያ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ይደርሳል። ማረሻ እስከ ሚያዝያ፣ መኮትኮቻ እስከ ሰኔ፣ ማጭድ እስከ መስከረም ተሠርቶ ያልቃል። መሪዎች የየቤተሰቡን መሣሪያ ቆጥረው፣ ከጋራዥ ባሌስትራ በጅምላ ገዝተው፣ ለቀጥቃጩ ከዋጋው ከፊሉን በቅድሚያ ቢከፍሉ ባዶ እጁን ከሚጠብቅበት ወራት ያወጡታል።

ከሰሉም ሊታሰብበት ይገባል። የምድጃ ከሰል ከጥብቅ ደን መምጣት የለበትም። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ደከረንስ የተባለውን ግራር በእርሻቸው ላይ ተክለው ከሰል ያወጡበታል። ማኅበሩም ከተከለው ዛፍ ለቀጥቃጩ ድርሻ ቢመድብ ሥራው ደን ሳያጠፋ ይቀጥላል። ጣራ ያለው መሥሪያ ቦታ፣ የዓይን መከለያ መነጽር፣ የቆዳ ሽርጥ፣ አንድ ባልዲ አሸዋና ሁለት ወጣት ተማሪዎች ቢጨመሩለት ምድጃው የተሟላ የቀበሌ ወርክሾፕ ይሆናል። የእርሻ መሣሪያ ምርምር የሚካሄድባቸው የመልካሳና የአሰላ ማዕከሎች አሉ። ከእነርሱ ምክር ለማግኘት የወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ሊያገናኝ ይችላል።

ሲረከቡም ሆነ ሲይዙ

ማኅበሩ መሣሪያውን ሲረከብ በዓይን ብቻ መርካት የለበትም። ከየአሥሩ አንዱ ተወስዶ ጥቂት ጊዜ ድንጋያማ መሬት ላይ ይቆፈርበታል። ስለቱ ከታጠፈ አልጠነከረም፤ እንደገና ግሎ ይነከራል። ስለቱ ከተሸረፈ አልለዘበም፤ ወደ ፍሙ ተመልሶ ቀለሙ ይጠበቃል። ሁለቱም የሚታረሙ ስለሆኑ ለጠብ ምክንያት መሆን የለባቸውም። ቀጥቃጩ በሥራው ላይ የራሱን ምልክት ቢመታበት ስሕተቱም ሆነ ምስጋናው ባለቤቱን ያገኛል።

ገበሬውም በበኩሉ የሚያበላሸው ነገር አለ። እጀታው ተሰብሮ እንጨቱ አንገቱ ውስጥ ሲቀር ብዙ ሰው መሣሪያውን እንዳለ እሳት ውስጥ ጨምሮ እንጨቱን ያቃጥላል። በዚህ ጊዜ እሳቱ ስለቱ ጋ ከደረሰ ጥንካሬው በአንድ ሌሊት ይጠፋል። ዶማው በማግሥቱ ሲታጠፍም ጥፋቱ በቀጥቃጩ ላይ ይወድቃል። እንጨቱ በመሮ ይውጣ፤ የግድ የሚቃጠል ከሆነም ስለቱ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ይያዝ። በኤሌክትሪክ መሳያ ድንጋይ የሚሳልም መሣሪያ በየመሀሉ ውሃ ይነካ። ስለቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከታየ ያ ቦታ ለዝቧል።

አንድ ማኅበር ይህንን ለመጀመር ሰፊ በጀት አያስፈልገውም። በመጪው ስብሰባ ሦስት ነገሮችን ቢወስን ይበቃል። በቀበሌው ስንት ደኅና ዶማና መቆፈሪያ እንዳለ የሚቆጥር ሰው ይመርጣል። ቀጥቃጩ ተጠርቶ ምን እንደጎደለው እንዲናገር ያደርጋል። ከቅርቡ ከተማ ጋራዥ ስንት ባሌስትራ እንደሚገኝና ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ይልካል። ይህ ከኅዳር በፊት ከተፈጸመ በጥር ለእርከን የሚወጣው ገበሬ የሚተማመንበትን መሣሪያ ይዞ ይወጣል።